ከለገሃር እስከ ለገሃር፦ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ታሪክና ፍኖት

የአዲስ አበባ ሰው በታክሲ ውስጥ ሆኖ «ለገሃር ወራጅ አለ» ብሎ ሲጣራ የፈረንሳዮችን ቋንቋ እየተናገረ መሆኑ ትዝ አይለውም፤ ስሙ «ላ ጋር»፥ ይኸውም «ጣቢያው» ከሚለው የባዕድ ቃል ተወልዶ፥ በአገሬው አንደበት ተገርቶና ተለሳልሶ፥ እንደ ጉለሌና እንደ አራት ኪሎ ያለ የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። «ባቡር» የሚለውም ቃል የራሱ ጉዞ አለው፤ እንፋሎት ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ዞሮ ወደ እኛ ደረሰ ይባላል፥ አባቶቻችንም ስሙን በሐዲድ ላይ ለሚሄደው ብቻ ሳይወስኑ፥ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዝያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ላስመጣው፥ ያለ ሐዲድ በጐዳና ላይ ለሚንከባለለው የእንፋሎት መኪና ሰጥተውት «የሰርኪስ ባቡር» ሲባል ኖሯል። ስለዚህ ስለ ከተማይቱ ባቡር ሐተታ የሚያቀርብ ሰው፥ ነገሩን ቀላል ባቡሩ ከተከፈተበት ከ2008 ዓ.ም ቢጀምረው ታሪኩን ከወገቡ ላይ ይቈርጠዋልና፥ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይሆንበታል።

ንጉሠ ነገሥቱ ከጅቡቲ ወደ መካከለኛው አገር ሐዲድ እንዲዘረጋ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነበረ። ሥራው ከሦስት ዓመት በኋላ ከወደቡ ተጀምሮ፥ የአፋርንና የሶማሌን በረሃ አቋርጦ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ፥ ንዋይ አልቆ ኩባንያው ከስሮ በሌላ ኩባንያ እስኪተካ ድረስ በዚያው ቆሞ ቀረ፤ አዲስ አበባ የደረሰውም በ1909 ዓ.ም ነውና፥ ነገሩን የጀመሩት ዳግማዊ ምኒልክ ዐርፈው ፍጻሜውን በዓይነ ሥጋ ሳያዩት ቀሩ። ዛሬም ቆሞ የምናየው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም ነው። የሐዲዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፥ ወርዱ ግን አንድ ሜትር ብቻ የሆነው ያ ቀዳማዊ ባቡር፥ የነገሥታት መቀመጫ እንደ ድንኳን ሲነቀልና ሲተከል በኖረበት አገር፥ በ1879 ዓ.ም የተቈረቈረችውን ከተማ ከባሕር ዛፉ ጋራ ተባብሮ በቦታዋ አጸናት። እርሱ በመጣ ጊዜ ከተማይቱ ወደ እርሱ ሄደች ለማለት ይቻላል፤ ከጣቢያው ፊት ሰፊ ጐዳና ተዘረጋ፥ ሆቴሉና መጋዘኑም በዙሪያው በቀለ፥ የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም በደጁ ቆመ።

ዳኅራዊው ቀላል ባቡር ግን ይህን ዕድል አላገኘም። በ1999 ዓ.ም በተደረገው ቈጠራ ከ2 ሚሊዮን 7 መቶ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ወደ ነበራት፥ መንገዶቿም በሚኒባስና በአንበሳ አውቶቡስ ወደ ተጨናነቁ ከተማ መግባት ነበረበትና፥ ዙፋን ተዘርግቶ የሚጠብቀው ሳይሆን በሞላ ቤት ውስጥ ትከሻውን እያጠበበ መቀመጫ የሚፈልግ እንግዳ ሆነ። በእኔ አስተያየት፥ ስለዚህ ባቡር የሚነገረው ምስጋናም ሆነ የሚሰማው እሮሮ፥ አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

በ2000 ዓ.ም የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከቻይና ሬልዌይ ግሩፕ ጋራ የከተማይቱን ሐዲድ ለመሥራት ውል ተፈረመ፥ ቁፋሮውም በ2004 ዓ.ም ተጀመረ። ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፥ ከመቶው 85 እጁ ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። በዚያን ዘመን ከተማውን ያየ ሰው ጭቃውንና አቧራውን፥ በቆርቆሮ የታጠረውን መንገድ፥ ትናንት የተሻገረበት ስፍራ ዛሬ ገደል ሆኖ ሲቆየው የተሰማውን ግራ መጋባት አይረሳውም።

ከዚያ ሁሉ ግን የሕዝቡን ኅሊና አብልጦ የነካው አንድ ነገር ነበረ። ሐዲዱ በምኒልክ አደባባይ አጠገብ ወደ ምድር ውስጥ እንዲገባ ስለ ታሰበ፥ በዋሻው አፍ ላይ የነበረው የሰማዕቱ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም ሚያዝያ ከቦታው ተነሥቶ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ተወሰደ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም ሕዝቡን ለፋሺስት እንዳይገዛ፥ ምድሪቱንም እንዳትቀበለው ገዝተው በጥይት የተሠዉት ጳጳስ፥ በሐውልታቸው እንደገና ከአደባባዩ ሲነሡ ያየ ምእመን፥ «ይመለሳሉ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ዝም ቢልም በልቡ አላመነም ነበር። ሥራው ካለቀ በኋላ ሐውልቱ ተመልሶ ቆመ፤ የተጠራጠሩትም ተጸጸቱ ማለት አልችልም፥ ምክንያቱም ጥርጣሬው ከሐውልቱ ይልቅ ከዚያ በፊት ተነሥተው ካልተመለሱ ብዙ ነገሮች የመነጨ ነበር።

በ2007 ዓ.ም ጥር ባቡሩ ያለ መንገደኛ ይፈተን ጀመር። እሑድ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም የሰሜን ደቡቡ መስመር ለሕዝብ ተከፈተ፤ የምሥራቅ ምዕራቡም ጥቅምት 29 ቀን ተከተለው። ሰው እንደ ጠበል ተጠቃሚ ተሰልፎ፥ የሚሄድበት ጉዳይ ሳይኖረው ለማየት ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለስ ነበር፤ የቲኬቱ ዋጋም እንደ ርቀቱ 2፥ 4 እና 6 ብር ስለ ነበረ፥ ለድኻውም የሚከብድ አልነበረም።

«ቀላል ባቡር» የሚለው መጠሪያ ራሱ ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል። ቀላል የተባለው ከአገር አገር ጭነት ከሚጐትተው ከባድ ባቡር የተለየ ስለ ሆነ ነው እንጂ፥ ሥራው ቀላል ስለ ሆነ አይደለም፤ በቋንቋችን ቀላል ማለት ክብደት የሌለውም ችግር የሌለውም ማለት ስለ ሆነ ግን፥ ስሙን የሰማ ሰው ሁለተኛውን ትርጉም ቢይዝ አይፈረድበትም። ባቡሩ በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በላይኛው ሽቦ እየተሳበ ይሄዳል፥ የሐዲዱ ወርድ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ በቻንግቹን ከተማ የተሠሩ፥ እያንዳንዳቸው ሦስት ክፍል ያላቸው 41 ባቡሮች ተገዝተውለታል። ማደሪያቸውና መታከሚያቸው በአያትና በቃሊቲ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አስተዳደሩን የያዘው ሸንዘን ሜትሮ ግሩፕ ሲሆን፥ ቻይናውያኑ እየነዱ ኢትዮጵያውያኑ እየተማሩ፥ ቆይቶም መሪውን ያገሬው ልጆች ተረከቡት።

አሁን ወደ ፍኖቱ እንምጣ። መስመሮቹ ሁለት ናቸው፤ አረንጓዴው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 17.4 ኪሎ ሜትር፥ ሰማያዊው ከሰሜን ወደ ደቡብ 16.9 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ፤ በመካከል 2.7 ኪሎ ሜትር በአንድ ሐዲድ ላይ አብረው ስለሚጓዙ፥ ጠቅላላው 31.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እያንዳንዱ 22 ጣቢያ ሲኖረው፥ አምስቱን ስለሚጋሩ የጣቢያዎቹ ብዛት 39 ነው።

አረንጓዴው ከአያት ይነሣል። መሪን አልፎ ሲኤምሲ ይደርሳል፤ ይህ ስም በዚያ ሰፍሮ የነበረ የኢጣልያ ሥራ ተቋራጭ ስም ሦስት ፊደላት ሲሆን፥ አሁን ሰፈሩ በሙሉ እነዚያን ፊደላት ለብሶ ይኖራል። ቀጥሎ ቅዱስ ሚካኤል፥ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲና ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት አሉ፤ ከዚያም ጉርድ ሾላ፥ ግንዱ የተጐረደ ሾላ ስሙን ለሁለት ጣቢያ አውርሶ። መገናኛ ላይ ሐዲዱ ከመኪናው መተላለፊያ ሥር ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ ከምሥራቅ የሚመጣው ሕዝብ ሁሉ የሚፈስበት ስፍራ ነውና፥ ጧት በዚያ የቆመ ሰው ስሙ በከንቱ እንዳልወጣለት ይረዳል። ከመገናኛ ወዲህ ለም ሆቴል፥ ሃያ ሁለት፥ ቅዱስ ዑራኤል፥ ባምቢስና ቅዱስ እስጢፋኖስ ይከተላሉ፤ በመስቀል አደባባይ ጠርዝ ላይ ሐዲዱ በዓምዶች ላይ ከፍ ብሎ፥ በመስከረም 16 ደመራው የሚለኰስበትን ስፍራ እየተመለከተ ወደ ስታዲየም ይዞራል።

ከስታዲየም እስከ ልደታ ያሉት አምስቱ ጣቢያዎች የሁለቱም መስመሮች ናቸው፤ ስታዲየም፥ ለገሃር፥ ሜክሲኮ፥ ተግባረ ዕድ፥ ልደታ። ከእነዚህ ስሞች ሁሉ ለጆሮዬ የሚጥመኝ ተግባረ ዕድ ነው፥ የእጅ ሥራ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት በግእዝ እንዲህ ብሎ የሰየመው ሰው ማን እንደ ሆነ ሳላውቅ አመሰግነዋለሁ። ከልደታ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አረንጓዴው በኮካ ኮላ ፋብሪካ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች ሄዶ ያልቃል፥ ሰማያዊው ወደ ሰሜን ታጥፎ ዳርማርን፥ አብነትን፥ ሰባተኛን፥ አውቶቡስ ተራንና ጎጃም በረንዳን እየነካ መርካቶን ጎን ለጎን ያልፍና፥ በአትክልት ተራ በኩል ወደ ዋሻው ገብቶ ምኒልክ አደባባይ ላይ፥ ከገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ አጠገብ ይቆማል። የአትክልቱ ገበያ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውሯል፤ ስሙ ግን በጣቢያው ላይ ቀርቷል።

ወደ ደቡብ የሚወርደው ክንፍ ከስታዲየም በመሿለኪያ ይነሣና ሪቼን፥ ጠመንጃ ያዥን፥ ላንቻን፥ ሁለቱን ነፋስ ስልኮች፥ አደይ አበባን፥ ሳሪስንና አቦ ማዞሪያን አልፎ ቃሊቲ ያበቃል። ላንቻ የኢጣልያ አውቶሞቢል ስም ነው። ነፋስ ስልክ ደግሞ ያለ ሽቦ በአየር ላይ ድምፅ የሚያስተላልፈውን የራዲዮ ጣቢያ አባቶቻችን የጠሩበት ስም ሲሆን፥ ዛሬ ስልክ ሁሉ ነፋስ ስልክ በሆነበት ዘመን ሰፈሩ ብቻ ስሙን ይዞ መቅረቱ ያስገርማል።

የጣቢያዎቹን ስም ከስንክሳሩ ጋራ አስተያይቶ የሚያነብ ሰው ሌላም ነገር ያገኛል። ወር በገባ በ5 አቦ፥ በ12 ሚካኤል፥ በ17 እስጢፋኖስ፥ በ22 ዑራኤል፥ በ23 ጊዮርጊስ፤ በግንቦት መባቻ ደግሞ ልደታ። በእነዚህ ዕለታት ማለዳ ባቡሩ በነጠላ ነጭ ሆኖ ይሞላል፥ መቋሚያ የያዙ አረጋውያንም የቢሮ ቦርሳ ካነገቱት ወጣቶች ጋራ ትከሻ ለትከሻ ይጋፋሉ። መሐንዲሶቹ ይህን አስበው አልነደፉትም፤ መንገዱ የሄደው አድባራቱ ባሉበት ነው፥ አድባራቱም ቀድሞ ሕዝቡ በሰፈረበት።

ስለ ሜክሲኮ ጣቢያ ሳልናገር ባልፍ ግን ውለታ እንደ መርሳት ይቈጠርብኛል። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ብዙ መንግሥታት ግፉን በይሁንታ ሲያልፉት፥ የሜክሲኮ መንግሥት በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ተቃውሞውን አሰምቶ ወረራውን ሳያጸድቅ ቀረ። አደባባያችን በስሟ የተጠራው ስለዚህ ነው፤ በሜክሲኮ ከተማም «ኢትዮጵያ» የሚባል አደባባይ አለ፥ የምድር ውስጥ ባቡራቸው ሦስተኛ መስመርም በስሙ የተጠራ ጣቢያ አለው፥ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። ስለዚህ በዓለም ላይ ሁለት ሕዝቦች አንዱ በሌላው ስም በተጠራ ፌርማታ በየዕለቱ ይወርዳሉ፤ አብዛኛው ተሳፋሪ ግን ምሥጢሩን ሳያውቅ ደረጃውን ወርዶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል።

ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለው የጋራ ሐዲድ ለመንገደኛው ታላቅ በረከት ነው፥ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ለመሸጋገር ሌላ ጣቢያ መፈለግ አያሻውምና። ለአስተዳዳሪው ግን ማነቆ ነው፥ የመጀመሪያው እሮሮም ከዚህ ይነሣል። በአምስቱ ጣቢያዎች ላይ በየ3 ደቂቃው አንድ ባቡር ቢያልፍ፥ ከልደታና ከስታዲየም ወዲያ ባለው በእያንዳንዱ ክንፍ ላይ በየ6 ደቂቃው እንጂ ከዚያ ፈጥኖ ሊመጣ አይችልም፤ አንዱ ክንፍ ላይ አንድ ባቡር ቢበላሽ ወይም አንድ የጭነት መኪና መሻገሪያው ላይ ቢቆም፥ መዘግየቱ በመካከለኛው አንገት በኩል ወደ ሌላው ይተላለፋል። የአያት ሰው የቃሊቲን ችግር የሚከፍለው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው እሮሮ የአጥሩ ነው። ሐዲዱ በዓምድ ላይ ባልወጣበትና በምድር ውስጥ ባልገባበት ሥፍራ ሁሉ፥ በጐዳናው መካከል በአጥር ተከብቦ ይሄዳል፤ ስለ ደኅንነት አስፈላጊ ቢሆንም፥ ትናንት በሃያ እርምጃ ተሻግሮ ከጎረቤቱ ሱቅ ስኳር ይገዛ የነበረ ሰው፥ ዛሬ እስከ ማቋረጫው ሄዶ መመለስ አለበት። ታክሲውም ለመዞር ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ሱቆቹም በአንድ ወገን የሚመጣውን ገበያተኛ አጥተዋል። እዚህ ላይ በመሐንዲሶቹ ብቻ መፍረድ አይገባም፤ ሐዲዱን በሙሉ በዓምድ ላይ ማውጣት ወይም በምድር ውስጥ መቅበር ወጪውን አብዝቶ ያበዛው ነበር፥ ብድሩም እንዲሁ። ነገር ግን የሰፈርን ልማድ ማጥናት ብድር አያስፈልገውም ነበር።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። መንኰራኵር ያልቃል፥ የብሬክ ሸራ ያልቃል፥ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ይቃጠላል፤ እነዚህም ሁሉ ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው። ከቲኬት የሚገኘው ገቢ የዕለቱን ወጪ እንኳ ስለማይሸፍን፥ ባቡሮቹ አንድ ባንድ በየማደሪያቸው እየቆሙ፥ ከ41ዱ መካከል የቆሙት ከሚመላለሱት የበዙበት ጊዜ መጣ፤ አንዱ የሌላው አካል እየተፈታ እየተሰጠው መኖሩም ተለመደ። በሚሄዱት ጥቂቶች ውስጥ ሕዝቡ ይጨናነቃል፥ ኪሱን የሚጠብቅም ሌላውን የሚገፋም በአንድ እጁ ዘንግ ጨብጦ ይቆማል። መንግሥታት ሐዲድ ሲመርቁ ሪባን መቍረጥ ያውቃሉ፤ የሰባተኛውን ዓመት መንኰራኵር ግን የሚመርቅ የለም፥ በጀቱም በዚያው ልክ ይጠፋል። ይህን የምለው በእኛ ላይ ብቻ አይደለም፥ በሌላውም ዘንድ የታወቀ ደዌ ነው።

ከሌሎቹ ከተሞች ጋራ ስናስተያየው፥ አዲስ አበባ በአንድ ነገር አታፍርም። ቱኒስ እ.ኤ.አ. በ1985፥ ካይሮ በ1987፥ ካዛብላንካ በ2012 የየራሳቸውን ሐዲድ ከፍተዋል፤ ከሰሃራ በታች ግን በኤሌክትሪክ የሚሄድ ቀላል ባቡር በመዘርጋት ቀዳሚዎቹ እኛ ነን። ከኛ ቀድማ ቁፋሮ የጀመረችው ሌጎስ ሰማያዊ መስመሯን የከፈተችው በ2023 ነው፤ የእኛ ግን አራት ዓመት አልሞላውም። ዳሬሰላም ደግሞ ሐዲዱን ትታ፥ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ ሠርታ በ2016 ሥራ ጀመረች፤ የትኛው እንደሚሻል ሲከራከሩ ብሰማም፥ ለአንድ ከተማ የሚበጀው ሊጠግነው የሚችለውን መምረጡ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል። አሮጌው የጅቡቲ ሐዲድ አርጅቶ ከተተወ በኋላ አዲሱ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም ተመርቆ፥ በ2010 ዓ.ም መደበኛ ሥራውን ጀመረ፤ የመንገደኛ ጣቢያው ግን በከተማው ዳርቻ በፉሪ ለቡ ነው፥ የከተማው ባቡርም ወደዚያ አይደርስም። ሁለቱም ሐዲዶች በአንድ ወርድ፥ በአንድ ዘመን፥ ከአንድ አገር በመጡ ሠራተኞች ተሠርተው ሳለ፥ እርስ በርሳቸው ሳይገናኙ ቀሩ። ቀዳማዊው ባቡር መንገደኛውን ከከተማይቱ ልብ ላይ ያወርደው ነበር። አሁን ከድሬዳዋ የሚመጣ ሰው ለቡ ላይ ወርዶ፥ ጆንያውን በታክሲ ጣሪያ አስሮ፥ ከረዳቱ ጋራ ስለ ዕቃው ዋጋ ተከራክሮ ሜክሲኮ ይደርሳል፤ ደረጃውን እያለከለከ ይወጣል፥ ቲኬት ይቈርጣል፥ በዓምዶቹ ላይ አንድ ጣቢያ ብቻ ተጉዞ፥ አያቱ በአንድ ጊዜ ይወርድበት ከነበረው ከለገሃር ይወርዳል።